የካሳው በር

መኪናዋን ከመግዛቴ በፊት ሦስት ቀን መረመርኳት።

ሚያዝያ 1969 ዓ.ም. ነበር። በደብረ ታቦር ዙሪያ ችግኝ ያስተክል የነበረ አንድ ጀርመናዊ የደን ባለሙያ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከአገር እንዲወጣ ተነግሮት ዕቃውን ይሸጥ ነበር። መኪናዋ ሁለት በር ያላት፣ ጣሪያዋ ወደ ኋላ እንደ ቁልቁለት የሚወርድ ኦፔል ናት። ከተሠራች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል፤ ቀለሟ የደረሰ ገብስ ይመስላል። ሰውዬው ብር ይዞ መውጣት ስለማይፈቀድለት የጠየቀኝ የአራት ወር ደመወዜን ብቻ ነበር። በዚያ ዋጋ በከተማው ደህና ሞተር ብስክሌት እንኳ አይገኝም።

እኔ ሙላቴ እባላለሁ፤ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነኝ። ሥራዬ የሰውን ደምና አክታ በማይክሮስኮፕ ማየትና ያየሁትን ብቻ መጻፍ ነው። መኪናዋንም እንደዚያው አየኋት። በመጀመሪያው ቀን ቆርቆሮዋን በማግኔት ዳበስኩ። ማግኔት የማይዝበት ቦታ ከቀለሙ ሥር ቀዳዳ የተደፈነበት ስቱኮ አለ ማለት ነው፤ ሁለት ቦታ አገኘሁ። በሁለተኛው ቀን ከሞተሯ ዘይት አንድ ጠብታ ወስጄ በመስታወት ላይ ዘረጋሁና በማይክሮስኮፕ አየሁት። የብረት ብናኙ ጥቂት ነው፤ ውሃ የለበትም። በሦስተኛው ቀን እስከ ወረታ ነድቻት ተመለስኩ። ከዚያ ሰባት ጉድለት በወረቀት ጽፌ ለጀርመኑ ሰጠሁት። አንብቦ ሳቀና ስምንተኛውን ራሱ ጨመረበት፤ የፊተኛው የቀኝ ወንበር መያዣ ተሰብሯል።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ልግለጽ። እንዲህ ያለ መኪና ውስጥ ከኋላ የሚቀመጥ ሰው የራሱ በር የለውም። የኋላው መስኮትም አይከፈትም። ለመውጣት ፊት ያለው ሰው መውረድ፣ ከዚያ የፊቱ ወንበር መታጠፍ አለበት። ወንበሩን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው መያዣ ስለተሰበረ፣ ሰው ካልተቀመጠበት በትንሽ ንክኪ ብቻ ወደ ፊት ይደፋል።

ይህን ጉድለት የወደደው ካሳው ብቻ ነበር። ካሳው አበልጄ ነው፤ የልጄ የበላይነህ የክርስትና አባት። በከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሂሳብ ያስተምራል። ቁመቱ ከመንገደኛ ሁሉ በላይ ስለሆነ፣ ኋላ ሲቀመጥ ጉልበቱ እስከ ደረቱ ይደርሳል። መጀመሪያ የገባባት ቀን ዞር ዞር ብሎ አያት።

«ለአራት ሰው ሁለት በር» አለ። «ጀርመን ቆጣቢ ነው ሲሉ እሰማ ነበር፤ በበር ይቆጥባል አላልኩም።»

እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ባለቤቴ ደሳለች ልጁን ታቅፋ ከፊት ትቀመጣለች፤ ካሳውና ባለቤቱ ፈንታነሽ ከኋላ። ደሳለች እግሯ መሬት ሳይረግጥ ካሳው ወንበሩን በጉልበቱ ገፍቶ፣ አጥፎ፣ ወጥቶ ይቆማል። መጠበቅ የሚባል ነገር አያውቅም። ፈንታነሽ ሁልጊዜ ትሰድበዋለች፤ ቀብሩ ላይም ከሳጥኑ ቀድሞ ይወጣል ትለዋለች።

እስከ ክረምቱ መግቢያ ሰባቱን ጉድለት አንድ በአንድ ጠገንኩና ከወረቀቱ ሰረዝኩ። ስምንተኛውን ልጀምር ስል ካሳው ከለከለኝ።

«እሱን አትንካው አበልጅ፤ የእኔ በር እሱ ነው።»

ያልተሰረዘ አንድ መስመር ዝርዝር ላይ መተው ያሳክከኛል። ቢሆንም ተውኩት።

ኅዳር 1970 ላይ ጓንጉል በሬን አንኳኳ። ጓንጉል የቀበሌያችን የአብዮት ጥበቃ ኃላፊ ነው፤ ከአብዮቱ በፊት የእህል መጋዘን ዘበኛ ነበር። የሳንባ ነቀርሳ በያዘው ጊዜ አክታውን ያየሁለት እኔ ነበርኩ፤ መዳኑንም የነገርኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ሁልጊዜ ረጋ ብሎ ያናግረኛል። ያን ቀንም ረጋ ብሎ፣ የአውራጃው ላንድሮቨር ግዳጅ ላይ ስለሆነ መኪናዬ ለአብዮቱ ሥራ እንደምትፈለግ፣ ቤንዚኑን ቀበሌው እንደሚችል፣ የምነዳውም እኔ እንደሆንኩ ነገረኝ። እምቢ ማለት ይቻል እንደሆነ አልጠየቅኩም።

መጀመሪያ የጫንነው ሰው የአንበሳሜ ነጋዴ ነበር። ሁለት ጥበቃዎች ከግራና ከቀኝ ሊቀመጡ ከኋላው መጡ። ጓንጉል ግን ነጋዴውን ብቻውን ወደ ኋላ አስገብቶ ወንበሩን መለሰና ራሱ ተቀመጠበት። ከዚያ ዞሮ ሰውየውን አየ፤ የማይከፈተውን መስኮት አየ፤ በሩን አየ።

«ይህቺ መኪና ጠባቂ አትፈልግም» አለ።

ጥበቃዎቹ ቀሩ። ጎንደር ደርሰን ነጋዴውን አስረክበን ተመለስን። ከዚያ ወዲህ ላንድሮቨሩ ቢኖርም ባይኖርም የእኔን መኪና መረጠ።

ጥር ላይ ወረታ አጠገብ አህያ መንገድ ውስጥ ገባችብኝና ፍሬን ያዝኩ። የጓንጉል ወንበር ከነሰውየው ወደ ፊት ተደፋ፤ ግንባሩ ከፊት ለፊቱ ብረት ጋር ተላተመ። አልተቆጣም። ደሙን በመሐረብ ጠርጎ፣ ወንበሩን እንዳስተካክል ብቻ አዘዘኝ።

በዚህ ጉዳይ ራሴን ብዙ ጊዜ መርምሬያለሁ። በሽቦ ማሰር ይበቃ ነበር። ጓንጉል የጠየቀው እንዳይደፋ ብቻ ነው። እኔ ግን የአሮጌ የጭነት መኪና ባሌስትራ ፈልጌ፣ ብየዳ ቤት በመያዣው ልክ አስቆርጬ፣ ሁለት ማታ ሙሉ በሞረድ ሞረድኩት። ጥርሱና ማረፊያው ሲገጥሙ በመካከላቸው ወረቀት እንኳ አያልፍም ነበር። መልቀቂያውን ከወንበሩ ሥር፣ በፊት በኩል፣ ብረቱ ጠንካራ የሆነበት ቦታ ላይ አደረግኩት። በሩን ከፍቶ ጎንበስ ያለ ሰው ካልሆነ እጅ አይደርስበትም። ሠርቼ ስጨርስ ወንበሩን በሁለት እጄ ገፋሁት። ንቅንቅ አላለም። ወረቀቱን ከመሳቢያ አውጥቼ ስምንተኛውን መስመር ሰረዝኩ። ደስ ብሎኝ ነበር። ይህንንም መጻፍ አለብኝ።

የከተማው ሰው መኪናዋን ሲያይ ድምፁን መቀነስ ጀመረ። አንድ ቅዳሜ ገበያ ላይ ጆንያ የከበዳት ሴት አይቼ ቆምኩና ላድርስሽ አልኳት።

«ይቅርብኝ ጌታዬ» አለችኝ ወደ መሬት እያየች፤ «ልጆች አሉኝ።»

ደሳለችም ቤተ ክርስቲያን በእግሯ መሄድ ጀመረች። ምክንያቱን አልጠየቅኳትም፤ እሷም አልነገረችኝም። ካሳው ግን ተናገረ። ግንቦት ላይ የመድኃኔ ዓለም ማኅበር እኛ ቤት ነበርና፣ ሲበተን ዝናብ ያዘው። ላድርስህ ስለው ኮቱን ራሱ ላይ ጣል አደረገ።

«መኪናህ ሥራ አግኝታለች አሉ፤ እኔ ሥራ አላስፈታትም» አለኝና በዝናቡ ሄደ።

ስምንተኛውን መስመር መሰረዜን ያን ቀን ልነግረው አስቤ ነበር። ከተናገረው ነገር አጠገብ ትንሽ መሰለኝና ተውኩት።

ሐምሌ 8 ቀን ካሳውን ከትምህርት ቤት ወሰዱት። ከተማሪዎቹ አንዱ ሲገረፍ ስሙን ጠርቷል ተባለ። ቀበሌው እስር ቤት አሥር ቀን ቆየ። ፈንታነሽ ስንቅ ታደርሳለች፤ እንጀራው እየተቆራረሰ ተፈትሾ ይገባል፤ እሷ አታየውም።

ሐምሌ 17 ቀን እኩለ ቀን ላይ ጓንጉል ላቦራቶሪ መጣ። ማይክሮስኮፑን ትንሽ ነካ ነካ አደረገና፣ ነገ ጠዋት ካሳውን ይዘን ጎንደር እንደምንሄድ ነገረኝ።

«አበልጅህ መሆኑን አውቃለሁ» አለኝ። «ስለዚህ ነው አስቀድሜ የነገርኩህ።»

መሄዱን አረጋግጬ በሩን ዘጋሁና ማሰብ ጀመርኩ። ከኅዳር ወዲህ አምስት ሰው ጭኛለሁ፤ ሁለቱ ብቻ ተመልሰዋል። መኪናዋን ማበላሸት ቀላል ነው። ለሞተሩ እሳት ከሚያከፋፍለው ዲስትሪቢውተር ውስጥ አውራ ጣት የምታክል ጥቁር ቁራጭ ማውጣት ይበቃል፤ ያለ እሷ ሞተሩ አይነሣም። ግን መኪናዋ ካልተነሣች ካሳውን በላንድሮቨሩ አራት ጠመንጃ ይዘው ይወስዱታል። በእኔ መኪና ያለው ጓንጉልና አንድ ሽጉጥ ብቻ ነው። ስለዚህ መኪናዋ መነሣት አለባት፤ የምትቆምበትን ቦታ ግን እኔ እመርጣለሁ።

ከዓለም በር በፊት መንገዱ በቀኝ በኩል ጽድ የበዛበት ጉድባ ይዞ የሚታጠፍበት ቦታ አለ። ከመንገዱ ጠርዝ እስከ ጽዱ አራት እርምጃ ነው። በሐምሌ እስከ ረፋዱ ድረስ ጭጋግ አይለቀውም። ለቁስል መስፊያ የሚሆን የሐር ክር ከመሥሪያ ቤት ወሰድኩ። የሞተሩን እሳት የሚያቀብለውን ሽቦ አላልቼ፣ ክሩን በሽቦው ላይ አስሬ፣ ሌላውን ጫፍ በፔዳሎቹ ቀዳዳ ወደ ውስጥ አሳለፍኩት። በግራ እግሬ ስስበው ሞተሩ ይጠፋል። ሦስት ጊዜ ሞከርኩት፤ ሦስት ጊዜም ጠፋ። ሞተሩ ሲጠፋ ኮፈኑን እከፍታለሁ፤ የተከፈተ ኮፈን የፊት መስታወቱን ይሸፍናል። ጓንጉልን ሽቦ አስይዘዋለሁ። ካሳው ወንበሩን በጉልበቱ ገፍቶ ይወጣል። እስከ ጽዱ አራት እርምጃ። ለደሳለችም፣ ለፈንታነሽም አልነገርኩም።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ካሳውን አመጡት። እጁ ከፊት ለፊት በገመድ ታስሯል። ከስቷል፤ የግራ ዓይኑ ዙሪያ ቢጫ ሆኖ ነበር፤ ቢጫ የሚሆነው ከስድስት፣ ሰባት ቀን በኋላ ነው። ጎንበስ ብሎ ወደ ኋላ ሲገባ ጤና ይስጥልኝ አለኝ። ወንበሩን ያጠፈውም የመለሰውም ጓንጉል ነበር፤ ተቀመጠበት። ሄድን።

ጭጋጉ እንዳሰብኩት ነበር። መንገዱ ጭቃ ስለሆነ በሁለተኛ ማርሽ እነዳለሁ። ጓንጉል ስለ ማዳበሪያ ዋጋ ያወራል። እኔ በኋላ ማሳያው መስታወት ካሳውን አያለሁ፤ እሱ ጭጋጉን ያያል። መታጠፊያው ጋ ስንደርስ ክሩን ሳብኩት። ሞተሩ ሁለት ጊዜ ትን ብሎት ጠፋ። መኪናዋን ወደ ቀኝ አስጠግቼ አቆምኩ።

ምን ሆነች አለ ጓንጉል። የእሳት ሽቦ ይመስለኛል፣ አንድ ሰው ብቻውን አይጠግነውም፣ ወርደው ይያዙልኝ አልኩት። ወረደ። በሩን ገጭ አድርጎ ዘጋው። እኔም ስወርድ ወደ መስታወቱ ቀና አልኩ።

«አበልጅ፣ እንዳመልህ ቁጭ ብለህ ጠብቀን» አልኩት።

ዓይኑ ወደ መስታወቱ መጣ። ገብቶታል። ጠብቆ የማያውቅ ሰው ነው።

ኮፈኑን ከፈትኩ። ጓንጉልን በግራ በኩል አቁሜ ሽቦውን በሁለት እጁ አስያዝኩት። የብሎን መፍቻ ቁልፍ እያወጣሁ፣ ብረት እያንኳኳሁ፣ የበሩን ድምፅ ጠበቅኩ። በልቤ እቆጥር ነበር። ስድስት ላይ የሰማሁት የበር ድምፅ አልነበረም፤ ደፍ የሚል ነገር ነበር። መኪናዋ በባሌስትራዋ ላይ ትንሽ ተወዛወዘች። እንደገና ደፍ አለ። ሦስተኛው ጠንካራ ነበር።

ያኔ ነው ያስታወስኩት።

ጭጋጉን፣ ጽዱን፣ እርምጃውን፣ ክሩን አስቤያለሁ። ወንበሩን አላሰብኩም። የተሰበረ ነገር ከዓይኔ አይጠፋም፤ የተጠገነ ነገር ግን አላየውም። ተሰርዟላ። በዚያች ዕቅድ ውስጥ የነበረችው መኪና ከጀርመኑ የገዛኋት ናት፤ ጥር ላይ በእጄ የሠራኋት አይደለችም። ካሳው በወንበሩ ላይ ተሻግሮ መውጣት ይችል ነበር፤ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ እጁም የታሰረ ቢሆን በሃያ፣ ሃያ አምስት ቁጥር ይችል ነበር። ነገር ግን ጉልበቱን አምኖ ጊዜውን በዚያ ጨረሰ።

ጓንጉል የመኪናዋ መወዛወዝ በእጁ ተሰማው። ሽቦውን ለቀቀና ዞረ። እኔ ደግሞ ቁልፉን እንደያዝኩ ቆምኩ። ቁልፉ ግማሽ ኪሎ ያህል ይከብዳል፤ ጀርባውን ሰጥቶኝ ሦስት እርምጃ ሄዷል። አልመታሁትም። በሩን ከፈተ። ካሳው ጉልበቱን ወንበሩ ላይ እንደደገፈ ነበር።

ጓንጉል አልጮኸም። ሽጉጡን አውጥቶ በሰደፉ አንድ ጊዜ ብቻ አፉ ላይ መታው።

«ንጹሕ ሰው ወንበር አይገፋም» አለ።

ከዚያ እኔን አየ፤ ኮፈኑን አየ። ክሩን ያየ አይመስለኝም። ሽቦውን መለስኩ፤ ሞተሩ በአንድ ጊዜ ተነሣ። የፎገራ ሜዳ ላይ ስንወርድ ጭጋጉ ለቀቀ፤ ሜዳው በሙሉ ውሃ ተኝቶበታል። ያኔ ካሳው ከኋላ ተናገረ።

«ጠገንከው?»

«አዎ» አልኩት።

«መቼ?»

«ጥር ላይ።»

ከንፈሩ አብጦ ስለነበር ቃሉ ይጎተት ነበር። «ሁልጊዜም ሥራህ ጥሩ ነው» አለኝ። በምፀት አልተናገረውም። ሂሳብ አርሞ ውጤት የሚሰጥ ሰው ድምፅ ነበር።

ጎንደር ባስረከብንበት ግቢ አንድ ጸሐፊ ጠረጴዛው ላይ መዝገብ ዘርግቶ ተቀምጧል። ስሙን፣ ሥራውን፣ የመጣበትን ጻፈ። ጓንጉል ጎንበስ ብሎ፣ መንገድ ላይ ሊያመልጥ ሞክሯል አለው። ጸሐፊው ከስሙ ሥር አንድ መስመር ጨመረ። መስመሯ ስትጻፍ ቆሜ አየኋት። ቀደም ካደረስኳቸው አምስት ሰዎች ሥር እንዲህ ያለ መስመር ሲጻፍ አላየሁም። ከአምስቱ የተመለሱት ሁለቱ መንገዱን ሙሉ ዝም ብለው የተቀመጡ ነበሩ። ካሳው ዝም ብሎ ቢቀመጥ ኖሮ ይመለስ እንደነበር አላውቅም። አይመለስም ነበር ማለትም አልችልም።

ማታ ቤት ስደርስ ያችን ጥቁር ቁራጭ ከዲስትሪቢውተሩ አውጥቼ ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ጣልኳት። በሦስተኛው ቀን ጓንጉል መጥቶ መኪናዋ እንደማትነሣ ነገርኩት። ኮፈኗን ዳበስ አድርጎ፣ ላንድሮቨሩ አለ ብሎኝ ሄደ። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ቀን አንድ ቃል አልተናገረኝም። ዕቅዴን የማያውቅ መሆኑን ወይም አውቆ ያስቀመጠው መሆኑን እስከ ዛሬ ለይቼ አላውቅም። በየመንገዱ ባገኘሁት ቁጥር ቀድሜ ቆብ የማነሣው እኔ ሆንኩ።

ፈንታነሽ ሁለት ጊዜ በአውቶቡስ ጎንደር ሄደች። በመጀመሪያው አገልግሉ ባዶ ሆኖ ተመለሰላት። በሁለተኛው፣ ነሐሴ 6 ቀን፣ ሳይከፈት ተመለሰላት፤ ከእንግዲህ አታምጪ ተባለች። ልቅሶ መቀመጥ ተከልክሏል። ጥቁርም አልለበሰችም። እሷም እኛም የማናውቀውን ሰው እርም እንደምናወጣ ሆነን፣ በየቤታችን በራችንን ዘግተን አለቀስን።

ነሐሴ ማለቂያ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ፈንታነሽ ግቢዬ ገባች። መኪናዋ ከአጥሩ ሥር ቆማለች፤ ጎማዎቿ ሣር ውስጥ ሰምጠዋል። ወደ ቤት ግቢ ስላት አልገባችም።

«አበልጅ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው» አለችኝ። «ጓንጉል በየጠላ ቤቱ ያወራል። ወንበር ሲገፋ ያዝኩት ይላል። ያ ወንበር እኮ በንፋስ ይታጠፍ ነበር።»

መልሱ አፌ ውስጥ ነበር፤ ካሳው መንገድ ላይ ሁለት መልስ አስወጥቶኛል፤ ለእሷ ግን አንዱም አልወጣልኝም። መኪናዋን እያየች ቆየችና ወደ ቀኝ በር ሄደች። መክፈቱ ቸገራት፤ ሄጄ ከፈትኩላት። ጎንበስ ብዬ መልቀቂያውን ስስብ እጄን ትከተል ነበር። ወንበሩ ታጠፈ። ገብታ ካሳው ይቀመጥበት በነበረው ቦታ ተቀመጠች። ወንበሩን መልሼ፣ በእጇ ምልክት እንደሰጠችኝ፣ በሩን ዘጋሁ።

ውጭ ቆሜ በመስኮቱ አያታለሁ። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ጉልበቷን ወንበሩ ላይ አሳረፈችና ገፋች። ቆየችና እንደገና ገፋች። ሦስተኛውን በሁለት እግሯ ረገጠችው። መኪናዋ ያን ቀን እንደተወዛወዘችው ተወዛወዘች። ወንበሩ ንቅንቅ አላለም።

ከዚያ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ጠብጠብ ማለት የጀመረው ዝናብ ጣሪያው ላይ እየበረታ ሄደ። ምን ያህል እንደቆየች አልቆጠርኩም።

«አበልጅ» አለች በመጨረሻ፤ ድምፅዋ በመስታወቱ ውስጥ ከሩቅ ይመጣል። «ይክፈቱልኝ።»

በሩን ከፍቼ ጎንበስ አልኩና መልቀቂያውን ሳብኩ። ወንበሩ አንድ ወር ዝናብ ላይ ቆሞ እንኳ ምንም ድምፅ ሳያሰማ ታጠፈ።